ቴሌግራም፣ ኢሜይልና ስልክ ሥራ እንዳያስፈቱን፦ ለቢሮ ሠራተኛ የአሠራር መመሪያ

የምተዳደረው የየቢሮውን ኮምፒውተርና ኔትወርክ በመከታተል ነው። ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ ስል ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ግን ስለ ፕሪንተር አይደለም። «ጠዋት ከገባሁ ጀምሮ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ተጥጄ እውላለሁ። ማታ ምን ሠራሁ ስል ግን የሚጨበጥ ነገር የለም። ምን ባደርግ ይሻላል?» ይሉኛል። አዲስ አፕ እንድጠቁማቸው የሚጠብቁም አሉ። አዲስ አፕ አያስፈልግም። ያሉትን ማስተካከልና ከሰው ጋር መስማማት ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚያጣድፈን የሥራው ብዛት ሳይሆን ሥራው የሚገባባቸው በሮች ብዛት ነው። አንዱ ደብዳቤ በወረቀት ይመጣል። ስካን ተደርጎ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። በኢሜይልም ይላካል። ከዚያ «ደረሰህ?» ተብሎ ይደወላል። አስቸኳዩም፣ ሊቆይ የሚችለውም፣ ጨርሶ የማይመለከተንም እኩል ይጮኻል። እዚህ የምንሠራው እያንዳንዱን በር ለምን እንደምንጠቀምበት መወሰን ነው።

መመሪያው ሪፖርት፣ ሒሳብ፣ ፕሮፖዛል፣ ዕቅድ ወይም ደብዳቤ ለሚያዘጋጅ ሰው ይሆናል። መስኮት ላይ ደንበኛ የምታስተናግዱ ወይም ስልክ መቀበል ራሱ ሥራችሁ የሆነ ከሆነ ደረጃ 3፣ 7 እና 8 ይበቋችኋል። ሰዓቱን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የምትጠቀሙበት ስልክና የቢሮ ኮምፒውተር
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ (ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንም፤ ምክንያቱን ደረጃ 1 ላይ ታገኙታላችሁ)
- አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ያለ ጊዜ
- ከቅርብ አለቃችሁ ጋር የምትነጋገሩበት አሥር ደቂቃ
- ሊያግዛችሁ ፈቃደኛ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባ

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ሰኞ ጠዋት አትጀምሩት። ሰኔ ላይም አትጀምሩት። በጀት በሚዘጋበት ወር ሁሉም ሰው ተጨንቋል፤ ስልኩን ያጠፋ ሰው ሥራ የሸሸ ይመስላል። ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ግማሽ ቀን ጥሩ ነው። ደግሞ ከደረጃ 2 በፊት ምንም ድምፅ አታጥፉ። ቅደም ተከተሉን የዘለሉ ሰዎች ናቸው በሦስተኛው ቀን ተቆጥተው ሁሉንም መልሰው የሚከፍቱት።

ደረጃ 1፦ ለሁለት ቀን መዝግቡ

ደብተሩን ክፈቱና ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ሰዓት፣ በምን መጣ፣ ከማን፣ ወዲያው መልስ ይፈልግ ነበር ወይ። ከሥራችሁ ቀና ያደረጋችሁን ነገር ሁሉ በአንድ መስመር ጻፉ። አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

3:10፣ ቴሌግራም፣ የፋይናንስ ግሩፕ፣ «እሺ» የሚል ስቲከር፣ አይ።
3:12፣ ቴሌግራም፣ ያው ግሩፕ፣ ሌላ ሰው «እሺ» አለ፣ አይ።
3:20፣ ስልክ፣ ሹፌሩ፣ መኪና ማስወጫ ፊርማ፣ አዎ።
3:26፣ ኢሜይል፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የሐሙስ ስብሰባ፣ አይ።
3:31፣ ራሴ፣ ማንም ሳይጠራኝ ቴሌግራም ከፈትኩ፣ አይ።

የመጨረሻዋን ዓይነት መስመር አትዝለሉ። ማንም ሳይጠራን ስልክ የምናነሳበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱን አለቃም ባልደረባም አያስተካክልልንም።

ምዝገባው ለምን ያስፈልጋል? ሳይመዘግቡ የሚጀምሩ ሰዎች የሚያጠፉት የሚያናድዳቸውን ግሩፕ ነው። የሚያናድደንና ጊዜያችንን የሚወስደው ግን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። በወረቀት የሚሆነውም ስልኩን ለመመዝገብ ስትከፍቱ ሦስት መልእክት አንብባችሁ ስለምትወጡ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማብቂያ «አዎ» የሚሉትን መስመሮች አክብቡ። አብዛኞቹ በየትኛው በር እንደመጡ እዩ። እኔ ባየኋቸው ገጾች የተከበቡት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በስልክ ጥሪ የመጡ ናቸው። የእናንተ ከተለየ ቀጣዩን ደረጃ በእሱ ልክ አስተካክሉት።

ደረጃ 2፦ ከአለቃችሁና ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተስማሙ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ቀሪው ቢቀር ይህ አይቅር።

እኛ ዘንድ ዝምታ ትርጉም አለው። መልእክት ተነብቦ ሁለቱ ምልክቶች ታይተው መልስ ካልመጣ «ንቆኝ ነው» ይባላል። በተለይ ከላይ ላለ ሰው ሲሆን። ስለዚህ ሰው የሚፈራው ስልኩን ማጥፋት ሳይሆን አለቃው ምን ይለኛል የሚለውን ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ መናገር ነው።

ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ። ስለ ድካማችሁ ሳይሆን ስለ ሥራው አውሩ። «ሪፖርቱ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ ገጹን ስታሳዩ ነገሩ ስሞታ መሆኑ ይቀርና የአሠራር ጉዳይ ይሆናል። የምትስማሙበት ይህን ያህል አጭር ይሁን፦

- የስልክ ጥሪ፦ አሁኑኑ የሚያስፈልግ ነገር ብቻ።
- በግል የተላከ የቴሌግራም መልእክት፦ በግማሽ ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል።
- ኢሜይል፦ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጠዋት።
- ግሩፕ፦ ስሙ ተጠቅሶ ያልተጠራ ሰው መልስ አይጠበቅበትም።

በአካል ማውራት ካልተመቸ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የወሩ ሪፖርት በጊዜው እንዲደርስ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 4:30 ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ልሠራ አስቤያለሁ። አስቸኳይ ነገር ካለ ይደውሉልኝ፤ የእርስዎ ጥሪ ይገባል። በቴሌግራም የላኩልኝን 4:30 ላይ አየዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ልሞክረውና የሚያስቸግር ነገር ካለ እናስተካክለዋለን። ይስማማዎታል?»

እዚህ መልእክት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ምክንያቱ የእሳቸውም ጥቅም ነው። አስቸኳይ ሲሆን የሚገቡበት መንገድ ክፍት ነው። ጊዜው የተወሰነ ነው። አንዱን ካወጣችሁት «አይሆንም» የመባል ዕድሉ ይጨምራል።

«አይሆንም» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ሰዓቱን ቀንሱ። ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ተቀበሉ። ተደብቃችሁ ማጥፋት ግን አይሆንም። አንድ አስቸኳይ ነገር ያመለጣችሁ ቀን ከዚያ በኋላ የሚያምናችሁ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ ቴሌግራምን አደራጁ

ሀ. ሴቲንግስ ውስጥ ቻት ፎልደርስ የሚለውን ክፈቱና ሦስት ፎልደር ሥሩ፦ «ሥራ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ሌላ»። በሥራ ሰዓት የምትከፍቱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጥቅሙ ይህ ነው፦ የአለቃችሁን መልእክት ልታዩ ገብታችሁ የመኪና ሽያጭ ቻናል ላይ አሥር ደቂቃ አታጠፉም።

ለ. ግሩፖችን በሙሉ ሙት አድርጉ፤ ማለትም ድምፃቸውን ዝጉ። አዎ፣ የሥራዎቹንም። ሙት በተደረገ ግሩፕ ውስጥም ቢሆን ስማችሁ ተጠቅሶ ሲጠራ ወይም ለጻፋችሁት መልስ ሲሰጥ ቴሌግራም ያሳውቃችኋል። ደረጃ 2 ላይ «ስሙ ተጠቅሶ» ያልነው ለዚህ ነው። ባልደረቦቻችሁ የ@ ምልክቷን አድርገው ስማችሁን እንዲመርጡ አሳዩአቸው፤ ስማችሁን በአማርኛ መጻፍ ብቻውን አይጠራችሁም።

ሐ. በአፑ ምስል ላይ የምትወጣዋን ቀይ ቁጥር አስተካክሉ። ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ባጅ ካውንተር የሚል ቦታ አለ። ሙት የተደረጉት እንዳይቆጠሩ አድርጉ። 347 የሚል ቁጥር እያያችሁ ሒሳብ ላይ ማተኮር ከባድ ነው፤ ድምፅ ባይኖርም ቁጥሯ ትጠራለች።

መ. ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብታችሁ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ዝጉ። ስልካችሁ ቀርፋፋ የሆነው፣ ፓኬጁም ቶሎ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሠ. የግሩፕ አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ማስታወቂያና ውይይትን ለዩ። ማስታወቂያው በቻናል ይሁን፤ እዚያ የሚጽፉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናቸው። ሠላሳ ሰው «እሺ»፣ «ደርሶኛል»፣ «እናመሰግናለን» ሲጽፍ ማስታወቂያው ራሱ ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል። መልእክት ፒን ስታደርጉም (ከላይ ስትሰቅሉም) ተጠንቀቁ፤ «ለሁሉም አሳውቅ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ካላነሳችሁት ሙት ላደረገውም ሰው ይደርሳል። ለምሳ ግብዣ አትጠቀሙበት።

*ማስጠንቀቂያ፦ የለቅሶ ነገር።* ብዙ ቢሮ የሐዘን ዜና የሚነገረው የሥራው ግሩፕ ላይ ነው። ሙት አድርጋችሁት የባልደረባችሁ እናት ማረፋቸውን ከቀብር በኋላ ብትሰሙ የሚጎዳው ወዳጅነት በሴቲንግ አይጠገንም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ሰው መድቡ፦ ለቅሶ፣ ሕመም ወይም አደጋ ሲኖር በስልክ የሚደውል። በየቢሮው ይህን በተፈጥሮው የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ቁጥሩን በደረጃ 4 ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 4፦ ስልኩ ማንን እንደሚያስገባ ወስኑ

አንድሮይድም አይፎንም «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባል አሠራር አላቸው። ስልኩ ሳይጠፋ ድምፁ ይዘጋል፤ የመረጣችኋቸው ሰዎች ግን ይገባሉ። የሚገቡትን ከአምስት እስከ ስምንት አድርጉ፦ አለቃችሁ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቤት ልጅ የሚጠብቅላችሁ ሰው፣ የትዳር አጋር፣ ታማሚ ወላጅ ካለ እሱ፣ የለቅሶው ሰው።

«ካልታወቀ ቁጥር አደጋ ቢደወልስ?» ትላላችሁ። ደጋግሞ የሚደውልን የማስገባት ምርጫ አለ። በአንድሮይድ ያው ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ፣ በአይፎን ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ከደገመ ስልኩ ይጮኻል። ምርጫው መብራቱን አረጋግጡ። ከዚያ በሌላ ስልክ ሁለት ጊዜ ደውላችሁ ፈትኑት። ሳይፈተን ያለፈ ሴቲንግ አያስተማምንም።

ሰዓቱን በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ ሙሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከጠዋቱ 3:00 ማለት 9:00 ነው። ዝም ብላችሁ 3:00 ብትሞሉ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይበራል፤ ቢሮ ስትገቡ ግን ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

ኮምፒውተሩንም አትርሱ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ክፍት ከሆነ ስልኩ ዝም ቢልም ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። በትኩረት ሰዓት ዝጉት።

ደረጃ 5፦ ኢሜይልን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ክፈቱ

የሚሻለው 4:30፣ 7:45 እና 10:30 ነው። ጠዋት እንደገባችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ አታድርጉት። ጠዋት ኢሜይል የከፈተ ሰው ቀኑን የሚጀምረው በራሱ ዕቅድ ሳይሆን በሌላ ሰው ጥያቄ ነው።

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 124 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ኢሜይል በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲያዩ፣ ለሌላ ሳምንት ደግሞ እንደፈለጉ እንዲያዩ ተደርጓል። ሦስት ጊዜ ብቻ ባዩበት ሳምንት ውጥረታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። በተለመደው አውትሉክ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሜይል ውስጥ ገብታችሁ መልእክት ሲደርስ የሚደረገውን ነገር ሁሉ አጥፉ፦ ድምፁንም፣ ብቅ የሚለውንም፣ የፖስታ ምልክቱንም። በጂሜይል አፕ ኖቲፊኬሽኑን «ምንም» ወይም «ቅድሚያ ለሚሰጣቸው ብቻ» አድርጉ።

ስትከፍቱ እያንዳንዱን ኢሜይል አንድ ጊዜ ብቻ ንኩት። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ መልሱ። ካልሆነ በደብተራችሁ ላይ ሥራ አድርጋችሁ ጻፉትና ኢሜይሉን ከፊታችሁ አንሱት። «ቆይቼ አየዋለሁ» ብሎ እንዳልተነበበ መመለስ ያንኑ ኢሜይል አራት ጊዜ ያስነብባችኋል።

ዋና መሥሪያ ቤታችሁ ውጭ አገር ከሆነ ሦስተኛውን ሰዓት በእነሱ ልክ አድርጉ። ለምሳሌ ዋሽንግተን በራሳቸው አቆጣጠር ከጠዋቱ 9:00 ብለው ሥራ ሲጀምሩ እኛ ጋ በበጋቸው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 11 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ብዙው ኢሜይል የሚመጣው ልትወጡ ስትሉ ስለሆነ «ጠዋት እመልሳለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲነገራቸው ይረዳሉ።

ደረጃ 6፦ የትኩረት ሰዓታችሁን ሥሩበት

አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ በላይ በአንዴ አትሞክሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት በደብተሩ ላይ የምትሠሩትን አንድ ነገር በሚታይ ውጤት ጻፉት። «ሪፖርት መሥራት» አይሆንም። «የሦስተኛ ሩብ ዓመት የግዥ ሠንጠረዥን መሙላት» ይሆናል። መጀመሪያው ካልታወቀ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል።

ሰው በአካል መጥቶ ካቋረጣችሁ፣ እንዲቀመጥ ከመጋበዛችሁ በፊት፣ የደረሳችሁበትን በግማሽ መስመር ጻፉ፦ «ረድፍ 42፣ የትራንስፖርት ደረሰኝ ይጎድላል»። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንሻገር የሐሳባችን ከፊሉ የቀድሞው ሥራ ላይ ይቀራል፤ አዲሱንም በሙሉ አቅማችን አንሠራውም። ያቺ ግማሽ መስመር የያዛችሁትን ከጭንቅላታችሁ ታወርድላችኋለች፤ ስትመለሱም ከየት እንደምትጀምሩ አትፈልጉም።

ስልኩን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። የመረጣችሁት ሰው ከደወለ ከመሳቢያም ይሰማል።

ደረጃ 7፦ አንድ ሥራ፣ አንድ ፋይል፣ አንድ ቦታ

«ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ 2»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ አሁን ትክክለኛው»። ይህን የማያውቅ ቢሮ የለም። ሦስት ሰው ሦስቱን ፋይል ያርማል፤ ከዚያ አንዱ ቁጭ ብሎ ያስታርቃል። ቀኑን የሚበላው ይህ ነው፤ ማንም ግን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም።

- ፋይሉ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ወስኑ፦ ጉግል ድራይቭ፣ ዋን ድራይቭ ወይም የቢሮው ሰርቨር። ቴሌግራም ላይ የሚላከው ሊንኩ ወይም «ተስተካክሏል» የሚል ቃል እንጂ ፋይሉ አይሁን።
- ስም ስትሰጡ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ጀምሩ። 2018-03-12 ብሎ የሚጀምር ፋይል በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። በአገር ውስጥ ወይም በውጭ አቆጣጠር መሆኑን ግን አንድ ጊዜ ተስማሙ፤ መቀላቀል ከሁሉም የከፋ ነው።
- ማን እንደሚያርም ለይታችሁ ንገሩ። የቀረው አስተያየት ይጻፍ እንጂ ፋይሉን አይንካ።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሥራ የሚጀመረው በየትኛው ነው? በስካኑ ከሆነ ዋናው ወረቀት ሲመጣ ለፋይል ብቻ ይሁን። በወረቀቱ ከሆነ ስካኑን ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ። ይህ ስላልተወሰነ ብቻ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሲዘጋጅ አይቻለሁ።

ደረጃ 8፦ እናንተም አትረብሹ

ከእናንተ የሚወጣው መልእክት ሲያጥር የሚመለስላችሁም ያጥራል።

ሰላምታና ጉዳይ በአንድ መልእክት ይሁን። እንዲህ ዓይነቱን ተዉት፦ «ሰላም»። ከዚያ ዝም። «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» ይመለሳል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?»። አምስት ጊዜ ስልክ ከጮኸ በኋላ ጉዳዩ ገና አልተነገረም። ሰላምታውን አትቁረጡት፤ ያለ ሰላምታ ጉዳይ መናገር ነውር ነው። አብራችሁ ላኩት፦ «ሰላም ወንድዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? የመስከረም የነዳጅ ደረሰኝ እስከ ነገ 6 ሰዓት ብታደርስልኝ ሒሳቡን እዘጋዋለሁ። አመሰግናለሁ።» አንብቦ እርምጃ መውሰድ ይችላል፤ ተመልሶ የሚጠይቃችሁ ነገር የለም።

ቀነ ገደብ ሳይጠቅሱ አትላኩ። «ሲመችህ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ወይ አሁኑኑ ይጨነቃል ወይ ይረሳዋል።

ማታ ሐሳብ ከመጣላችሁ ጻፉትና ጠዋት እንዲሄድ ቅጠሩት። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ስክጁል የሚል ይመጣል። ቴሌግራም መልእክቱን ራሱ ጋ ስለሚይዘው ጠዋት የእናንተ ኔት ባይኖርም ይላካል። ጂሜይልም እንዲሁ ነው። አውትሉክ ግን እንደ አካውንቱ ዓይነት ኮምፒውተሩ ካልተከፈተ ላይልክ ስለሚችል አስቀድማችሁ ፈትኑት። ኃላፊ ከሆናችሁ ይህ ለእናንተ የበለጠ ይሠራል። ምሽት 3 ሰዓት ላይ የላካችሁት «ነገ እንነጋገርበታለን» የሚል መልእክት ለእናንተ ማስታወሻ ነው፤ ለተቀበለው ሰው ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ደረጃ 9፦ ከሥራ ስትወጡ ሥራውም ይውጣ

ከመውጫ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ የነገን የመጀመሪያ ሥራ ጻፉ፣ ያልመለሳችኋቸውን መልእክቶች ደብተር ላይ አስፍሩ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ዝጉ። ይህ ካልሆነ ጭንቅላታችሁ ዝርዝሩን ይዞ ታክሲ ይሳፈራል።

የሚቻል ከሆነ ለሥራ ሁለተኛ ሲም ካርድ ያዙ። ቴሌግራም አንድ ስልክ ላይ ከአንድ በላይ አካውንት ይፈቅዳል፤ የሥራውን አካውንት ኖቲፊኬሽን ማታ ለብቻው መዝጋት ትችላላችሁ። በግል ድርጅት ለምትሠሩ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በየማታው የሚቀጥል የግሩፕ ሥራ ካለ የትርፍ ሰዓት ጉዳይ አድርጋችሁ ከሰው ኃይል ክፍል ጋር በግልጽ መነጋገር ትችላላችሁ።

ኔት ጠፍቶ ሲመለስ

ኔት ወይም መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት በአንዴ ይጎርፋል። ብዙ ሰው ከላይ ጀምሮ በተራ ይመልሳል። እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ በግል የተላከላችሁን ብቻ ክፈቱ። እያንዳንዱን ከመጨረሻው ወደ ላይ አንብቡ። ብዙው ጥያቄ እስከዚያ ተመልሷል፤ «ተወው፣ አገኘሁት» የሚለው ያለው ታች ነው። ከዚያ ግሩፖች ውስጥ ስማችሁ የተጠራበትን ብቻ እዩ፤ የ@ ምልክቷ ትወስዳችኋለች። ሌላው ይቅር። አስፈላጊ ከሆነ ሰው ይደግመዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- *ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር።* ደረጃ 1 እና 2ን በመጀመሪያው ሳምንት፣ የቀረውን በሁለተኛው አድርጉ።
- *ከግሩፕ መውጣት።* «እገሌ ወጣ» የሚል ጽሑፍ ለሁሉም ሊታይ ይችላል፤ ያስቀይማል። ሙት አድርጉና አርካይቭ ውስጥ ክተቱት።
- *የተነበበውን መርሳት።* የትኩረት ሰዓት ሳያልቅ መልእክት ከፍታችሁ ካነበባችሁ ላኪው አይቶታል። ወይ አትክፈቱ፣ ወይ «4:30 ላይ እመለስበታለሁ» በሉ።
- *ሌላ የሥራ መከታተያ አፕ መጨመር።* ሌላ በር ነው። መጀመሪያ አንዱን ሳትዘጉ አዲስ አትክፈቱ።
- *ቃል የተገባውን ሰዓት አለማክበር።* 4:30 ላይ አያለሁ ብላችሁ 6 ሰዓት ላይ ካያችሁ ሰዎች መደወል ይጀምራሉ። ስምምነቱ የሚፈርሰው በእናንተ በኩል ነው።
- *የዙም ስብሰባ ላይ ካሜራ ዘግቶ ኢሜይል መመለስ።* ሁለቱም አይሠሩም። ስብሰባው የማይመለከታችሁ ከሆነ ቃለ ጉባኤው እንዲላክላችሁ ጠይቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈትሹ

የደረጃ 1ን ምዝገባ ለአንድ ቀን ድገሙትና ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጡ። «አይ» የሚሉት መስመሮች ካልቀነሱ የትኛው በር እንዳልተዘጋ ገጹ ራሱ ያሳያችኋል። «ራሴ» የሚለው ከበዛ ስልኩ ከመሳቢያ አልፎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከአንድ ግሩፕ ከበዛ አስተዳዳሪውን ስለ ቻናሉ አነጋግሩ። ከአንድ ሰው ብቻ ከበዛ ግን ሴቲንግ አይፈታውም። ቡና ጋብዙትና ደረጃ 2ን ከእሱ ጋር ለብቻው ድገሙ።